ትንሽ አንድሮይድ ጌም ኮንሶል ከሁለት ገመድ አልባ ጆይስቲክ ጋር፦ የቱን ልግዛ? (ሀዋሳ)

የታቦሯ

ሰላም የጌም ሰዎች። እኔ ራሴ ጌም አልጫወትም፣ ስለዚህ የማይረባ ነገር ከጠየቅኩ ታገሱኝ። ሁለት ታናናሽ ወንድሞች አሉኝ። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ደብተራቸውን እንደያዙ ጌም ቤት ይገባሉ፣ ከዚያ እናቴ ስትፈልጋቸው ትመሻለች። በቃ ቤት ቁጭ ብለው ይጫወቱ ብዬ አንድ ነገር ልገዛላቸው ነው። ፒኤስ5 እንዳትሉኝ፣ ዋጋው አይቀመስም።

ፒያሳ ስዞር ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዷ ፍላሽ የምታክል ናት፣ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ትሰካለች፣ ሁለት ገመድ አልባ ጆይስቲክ አላት፣ ካርቶኗ ላይ "10,000 ጌም፣ 4ኬ" ይላል። ሻጩ "አንድሮይድ ናት" አለኝ። ሌላው አንድሮይድ ቦክስ ነው፣ ጆይስቲኩ ለብቻው ይገዛል። ሦስተኛው ደግሞ አክስቴ ከውጭ ስትመጣ ላምጣላቸው ያለችው ነው፣ የራሱ ስክሪን ያለው በእጅ የሚያዝ፣ ሬትሮይድ የሚባል። ልጆቹ የሚፈልጉት ኳስ ነው። እሱም እርስ በርስ። የቱ ይሻላል? ስለ ጆይስቲኩም ንገሩኝ፣ ምክንያቱም ሰፈራችን ያለውን ጌም ቤት ስጠይቅ ልጁ "ዋናው ጆይስቲኩ ነው" ብሎኝ ወደ ሥራው ዞረ።

ሽቦ በጣሽ

እህት፣ የመጀመሪያዋን ከሐሳብሽ አውጪያት። እነዚያ ስቲኮች አብዛኞቹ አንድሮይድ አይደሉም፣ ውስጣቸው ያለው ቀለል ያለ ሊኑክስ ነው። ፕሌይ ስቶር የላቸውም። ያለሽ ጌም ሚሞሪ ካርዱ ላይ የተጫነው ብቻ ነው። 10,000 የሚሉትም አንዱን ጌም የጃፓኑን፣ የአሜሪካኑን፣ ስሙ የተቀየረውን ሁሉ ለየብቻ እየቆጠሩ ነው። የሚያጫውቱት የድሮዎቹን ነው፣ ፋሚኮም፣ ሴጋ፣ ጌም ቦይ፣ ቢበዛ ፒኤስ1። 4ኬ የሚለው ደግሞ ምስሉ ተለጥጦ ይወጣል ማለት እንጂ የድሮ ጌም አዲስ አይሆንም። በልጅነቱ ታንክና ማሪዮ ለተጫወተ አጎት ግን ቆንጆ ስጦታ ናት፣ አልዋሽም።

ቦክስ ከሆነ የካርቶኑን ስም ተዪውና ቺፑን (የቦክሱን አንጎል) ጠይቂ። ብዙ ጊዜ የምታገኚው አምሎጂክ ኤስ905 የሚለው ቤተሰብ ነው። ኤስ905ኤክስ3 አራት ኮርቴክስ ኤ55 ኮር አለው፣ ፒኤስ1 ያለ ችግር ያጫውታል፣ ፒኤስፒ (በእጅ የሚያዘው የድሮው የሶኒ ኮንሶል) ግን እንደ ጌሙ ነው፣ አንዳንዱ ይሄዳል አንዳንዱ ይንቀራፈፋል። ኤስ922ኤክስ ካገኘሽ አራት ጠንካራ ኤ73 ኮሮች ስላሉት ብዙ ይሻላል። ፒኤስ2 በ905ኤክስ3 ይሠራል የሚልሽን ሻጭ "እስቲ አሁን እዚሁ አሳየኝ" በዪው። ሌላው የሚረሳ ነገር፣ "አንድሮይድ ቲቪ" የሚለውና ተራ አንድሮይድ የተጫነበት ቦክስ አንድ አይደሉም። አንድሮይድ ቲቪ ላይ ፕሌይ ስቶር የሚያሳይሽ ለቴሌቪዥን የተሠሩ አፖችን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ልጆቹ ስልክ ላይ የሚያውቁትን ጌም ፈልገው ሊያጡት ይችላሉ።

ደግሞ የራሱ ስቶር ብቻ ያለው ኮንሶል ከሆነ ተጠንቀቂ። ኡያ የሚባል ትንሽ አንድሮይድ ኮንሶል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ኪክስታርተር በሚባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ላይ 8.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሰብስቦለት በ2013 በ99 ዶላር ወጣ። ያኔ ብዙ ተወራለት። በ2019 ሰኔ ላይ ሰርቨሩ ተዘጋ፣ ከስቶሩ የተገዛው ብዙ ጌምም አብሮ ቀረ።

ኑሮ በአቶቴ

ሽቦ ሁሉን ተናግሮ መብራቱን ረሳው። ልጆቹ ዋንጫ ሊበሉ ሲሉ መብራት ሲሄድ ቦክስም ቴሌቪዥንም ዕቃ ነው። በእጅ የሚያዘው ባትሪ አለው። ለዚህች ከተማ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ግን አክስትሽን ቁጥሩን ጠይቂያት። "ሬትሮይድ ፖኬት" ብቻ ካለች ምንም አላለችም። 3 ፕላስ የሚለው ቺፑ ዩኒሶክ ቲ618 ነው፣ 4 ፕሮ ዳይሜንሲቲ 1100፣ 5 ደግሞ ስናፕድራገን 865። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። ሁሉም አንድሮይድ ናቸው፣ ፕሌይ ስቶር አላቸው፣ በገመድ ቴሌቪዥን ላይም ይወጣሉ። ዋጋ በብር አልጽፍልሽም፣ ከ2016 ሐምሌ ወዲህ ምንዛሪው ለገበያ ስለተለቀቀ የዛሬው ዋጋ ለሚቀጥለው ሳምንት አይሠራም። 5 ሲወጣ በውጭ ዋጋ 200 ዶላር ገደማ ነበር፣ ያለ ጉምሩክና ያለ ማጓጓዣ። አክስት ስትሸከመው ግን መቼም…

ጌም ቤቱ

መናኸሪያ አካባቢ ጌም ቤት አለኝ። የሰፈርሽ ልጅ እውነቱን ነው የነገረሽ። ኮንሶል ዓመታት ይቆያል፣ ጆይስቲክ ግን ይበላል።

መጀመሪያ የሚሞተው የግራው አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፋው) ነው፣ ምክንያቱም ኳስ ሲጫወቱ ሩጫው ሁሉ በእሱ ነው። ተራው አናሎግ ውስጡ እየተፋተገ የሚሠራ ክፍል አለው፣ ሲያልቅ ተጫዋቹ ማንም ሳይነካው ራሱ መሄድ ይጀምራል፣ ልጆቹ ደግሞ "አንተ ነህ የሰበርከው" ብለው ይጣላሉ። "ሆል ኢፌክት" የሚባለው በማግኔት ስለሚሠራ የሚፋተግ ነገር የለውም። 8ቢትዱም ጌምሰርም እንደዚህ ያለ ሞዴል አላቸው፣ ግን ሁሉም ሞዴላቸው አይደለም፣ ካርቶኑ ላይ ተጽፎ እዪው። የስቲኳ ጆይስቲኮችማ አይወሩ። ቀጫጭን የሪሞት ድንጋይ ነው የሚበሉት፣ አዝራራቸውም ስትጫኚው ይሰምጣል።

አሁን ስለ ግንኙነቱ። ሁለት ዓይነት ገመድ አልባ አለ። አንዱ ብሉቱዝ ነው፣ ሌላው ትንሽ ዩኤስቢ የሚሰካለት፣ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚሉት። በዩኤስቢ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ፈጠን ይላል፣ ማጣመር ምናምን የለውም፣ ሰክቶ መጫወት ነው። ብሉቱዝ ግን ለስልክም ለታብሌትም ይሆናል። ሁለቱም ዋይፋይ በሚጠቀምበት ሞገድ ላይ ስለሆኑ ራውተሩ ቦክሱ አጠገብ ከተቀመጠ መቆራረጥ ያመጣል። ዩኤስቢዋን ቦክሱ ጀርባ ሃርድ ዲስክ አጠገብ አትሰኪ፣ በተለይ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ሲሠራ ሞገዱን ይረብሻል። አጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገዝተሽ ወደ ፊት አምጪያት። በጥቂት ብር የሚፈታ ነገር ነው፣ ሰዉ ግን ጆይስቲኩን ይጥላል።

ዩዝድ ከሆነ የምትገዢው፣ የፒኤስ3 ጆይስቲክ ለአንድሮይድ አትግዢ። ብሉቱዙ እንደ ሌሎቹ በተለመደው መንገድ አይጣመርም። የፒኤስ4 ይሆናል፤ ሼርና ፒኤስ የሚሉትን ሁለቱን አንድ ላይ ይዘሽ ስትቆዪ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ስልክሽ ብሉቱዝ ላይ ይመጣል። ሱቁ ውስጥ ይህን በስልክሽ ሳትሞክሪ ብር እንዳትከፍዪ፣ ገበያው በፌክ ፒኤስ4 ጆይስቲክ ተጥለቅልቋል፣ ካርቶኑ እንኳን ኦሪጅናል ይመስላል። የኤክስቦክስ ከሆነ ደግሞ መሀል ያለውን የኤክስ ምልክት አዝራር ዙሪያ እዪ። ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ከፊቱ ጋር አንድ ወጥ ከሆነ ብሉቱዝ አለው። ከላይ ካሉት ከኤልቢና አርቢ አዝራሮች ጋር የተያያዘ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ከሆነ የድሮው ነው፣ ብሉቱዝ የለውም።

የታቦሯ

ኧረ ተባረኩ። ጌም ቤቱ፣ የኤክስቦክሱን ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

አክስቴን ጠየቅኳት፣ ገና አልገዛችውም፣ "የምትሉትን አመጣለሁ" አለች። አሁን የቀረኝ የኳሱ ነገር ነው። ትልቁ ወንድሜ "ፒኤስፒ ፊፋ 25 ቴሌግራም ላይ አለ፣ ማንኛውም ቦክስ ያጫውተዋል፣ ሁለት ጆይስቲክ ብቻ ግዢልን" ይላል። እውነት ነው?

ሽቦ በጣሽ

ወንድምሽ ግማሹን ነው ያወቀው 😀

ለፒኤስፒ የወጣው የመጨረሻ ፊፋ ፊፋ 14 ነው። ቴሌግራም ላይ 25 ምናምን እየተባለ የሚዞረው ያው የድሮው ሆኖ የተጫዋች ስምና ማሊያ የተቀየረለት ነው። እሱ ችግር የለውም፣ እኔም እጫወተዋለሁ። ችግሩ ሌላ ነው። ፒኤስፒ ሲሠራ ጀምሮ የአንድ ሰው ዕቃ ነው። ሁለት ሰው የሚጋጠመው ሁለት ፒኤስፒ በዋይፋይ ተገናኝተው ነው። ፒፒኤስኤስፒፒ የሚባለው ኢሙሌተርም (የኮንሶሉን ጌም ሌላ ዕቃ ላይ የሚያጫውተው አፕ) ይህንኑ ነው የሚያስመስለው። ስለዚህ አንድ ቦክስ ላይ አሥር ጆይስቲክ ብትሰኪ አንዱ ብቻ ይጫወታል፣ ሌላው ተራ ይጠብቃል። በየቤቱ ሁለተኛው ጆይስቲክ "አልሠራ አለ" ተብሎ የሚመለሰው በዚህ ነው፣ ጆይስቲኩ ምንም አልሆነም።

አንድ ስክሪን ላይ በሁለት ጆይስቲክ ኳስ ከፈለግሽ ወይ ፒኤስ1 ነው፣ ግራፊክሱን አይተው ይስቁብሻል፣ ወይ ፒኤስ2 ነው። የፒኤስ2 ኳስ ግን እንደ ስናፕድራገን 865 ያለ ጠንከር ያለ ቺፕ ይፈልጋል። ኤተርኤስኤክስ2 የሚባለውን ኢሙሌተር ሠሪው እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ሥራውን አቁሟል፣ ቢሆንም የነበረው እስካሁን ይሠራል። ስለዚህ የፒያሳውን ቦክስ ለኳስ ብለሽ አትግዢ። አክስትሽ ቁጥር 5ን ታምጣ። ወይም ደግሞ አንድሮይዱን ጭራሽ ተዪውና ዩዝድ ፒኤስ3 ግዢ፣ እሱ ላይ የመጨረሻው ፊፋ 19 ነው፣ ለሁለት ልጅ ከበቂ በላይ ነው።

ስልክ ላይ ያሉትን ጌሞች በተመለከተም ሁሉም ጆይስቲክ አይቀበሉም። ኮል ኦፍ ዲዩቲ ሞባይልና ማይንክራፍት ይቀበላሉ፣ ፐብጂ ሞባይል ግን ለዓመታት አይደግፍም ነበር። ይህን ሳያጣሩ ጆይስቲክ የገዙ ልጆች በየሳምንቱ ይመጡብኛል።

ኑሮ በአቶቴ

ፒኤስ3 አሁን የት አለ? ያለውም ዲስክ ማንበቢያው የደከመ ነው፣ ሲሞቅ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። እኔ አሁንም ቁጥር 5 ነው የምለው። መብራት ሲኖር ቴሌቪዥን ላይ ሁለቱም፣ ሲጠፋ አንዱ በእጁ። ማን ይያዘው የሚለውን እናታችሁ ትፍረድ።

የልጆች አባት

ልጆቼ፣ እኔ ስለ ጌም አላውቅም፣ ግን ቦክስ ስለመግዛት ከተነሳ አንድ ነገር ልበል። ስም የለሽ አንድሮይድ ቦክሶች ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ቫይረስ ተጭኖባቸው እየተገኙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ጥር ላይ ቲ95 የሚባለው ቦክስ ላይ ተገኝቶ ብዙ ተወራ። በ2025 ሰኔ ደግሞ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለሚባለው የእንደዚህ ዓይነት ዕቃዎች ቫይረስ ሰው እንዲጠነቀቅ አስታወቀ። ቦክሱ ከቤት ዋይፋይ ጋር ይገናኛል፣ እናንተ ደግሞ በዚያው ዋይፋይ ቴሌብር ትከፍላላችሁ። ቢያንስ የጂሜይል ዋና አድራሻችሁን እዚያ ላይ አትክፈቱ።

ሽቦ በጣሽ

ጋሼ ልክ ብለዋል። ቦክስ ለምትገዙ፣ ለልጆቹ ሌላ ጂሜይል ክፈቱላቸው፣ ራውተሩ ላይ የእንግዳ ዋይፋይ ካለ ቦክሱን እዚያ ላይ ብቻ አገናኙት። "ፕሌይ ስቶር ለመክፈት ጥበቃውን አጥፉ" የሚል ቦክስ ካጋጠማችሁ ደግሞ ወደ መጣበት መልሱት።

የታቦሯ

እሺ፣ ወስኛለሁ። አክስቴ ቁጥር 5ን ታመጣለች፣ ጆይስቲኮቹንም እዚያው ሆል ኢፌክት የሚለውን ሁለት ትገዛለች፣ እዚህ ፌክ ከምፈልግ። ትልቁ ወንድሜ ስለ ፒኤስፒው ስነግረው ለደቂቃ ዝም አለና "አውቄ ነበር" አለ።

በነካ እጃችሁ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ቴሌቪዥናችን አንድ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ነው ያለው፣ እሱ ላይ ዲኮደሩ ተሰክቷል። ሻጩ "ስፕሊተር ግዢ" አለኝ። ሌላው ደግሞ ጎረቤታችን ያለው ቦክስ ላይ ጆይስቲኩን ስትጫኚ ተጫዋቹ ዘግይቶ ነው የሚመታው። የእኛም እንደዚያ ይሆናል?

ጌም ቤቱ

ስፕሊተር አይደለም፣ ስዊች ነው የምትፈልጊው። ስፕሊተር አንዱን ዕቃ ለሁለት ቴሌቪዥን ያካፍላል። ስዊች ሁለት ዕቃን ወደ አንድ ቴሌቪዥን ያስገባል፣ ሲጫኑት ከዲኮደር ወደ ጌም ይቀይራል። መልካቸው ይመሳሰላል፣ ሻጩም ላያውቅ ይችላል፣ ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት ቀዳዳዎቹን ቁጠሪ፣ ሁለት መግቢያ አንድ መውጫ መሆን አለበት። ሬትሮይዱ ላይ ደግሞ ከዩኤስቢ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ገመድ ያስፈልግሻል፣ ቻርጅ ማስገቢያም ያለው ይሁን፣ አለበለዚያ ቴሌቪዥን ላይ ሲጫወቱ ባትሪው እያለቀ ይሄዳል።

የመዘግየቱ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከጆይስቲኩ አይደለም፣ ከቴሌቪዥኑ ነው። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለማሳመር ሲሞክር ነው የሚያዘገየው። ሴቲንግ ውስጥ ፒክቸር የሚለው ጋ ገብተሽ "ጌም" የሚል ካለ ምረጪ። ከሌለ ምስል የሚያሳምሩትን፣ ኖይዝ ሪዳክሽን ምናምን የሚሉትን ሁሉ አጥፊያቸው። ለጎረቤትም ንገሪያቸው።