"ኑት ኑት" የሚለውን ፔንግዊን የሠራው ማን ነው?

የዙሪክ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ የልጅ ነገር ሊመስል ይችላል። ግን ሰሞኑን እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ስዊዘርላንድ የገባሁት በፈረንጆቹ 1991 ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጀርመንኛ አንድ ቃል አልችልም። ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ስሜን ሲጠሩት ሌላ ሰው የጠሩ ስለሚመስለኝ አቤት እንኳ አልልም።

ቤት ስገባ ግን ቴሌቪዥን ላይ ፒንጉ አለ። ከጭቃ የተሠራ ትንሽ ፔንግዊን። ሲናደድ ምንቃሩን እንደ ጡሩምባ ዘርግቶ "ኑት ኑት!" ይላል። እሱም ጀርመንኛ አይችልም! ታላቅ ወንድሜ "ይሄ ልጅ የኛ ሰፈር ነው" ይለኝ ነበር። አባቱ ፖስተኛ ነው። ፒንጋ የምትባል እህቱ ከእንቁላል ተፈልፍላ ስትመጣ በቅናት ያብዳል። ይሄን ለመረዳት ማን አስተርጓሚ ይፈልጋል?

አሁን ልጄ በስልኳ ያሳየችኝ ፒንጉ ከተማ ውስጥ ይኖራል። ገላው ያብረቀርቃል። የድሮው ላይ የማየው የጣት አሻራ የለም። "እማ፣ ያው እኮ ነው" ትለኛለች። ያው አይደለም! የያኔውን የሠራው ማን ነበር? ዛሬ አለ? ድምፁስ የማን ነው?

ጭቃ አቡኪ፦
እህቴ፣ ዓይንሽ አልዋሸሽም። ልጅሽ ያሳየችሽ በፈረንጆቹ 2017 ጃፓን ውስጥ በኮምፒውተር የተሠራው ነው።

ያንቺን ፒንጉ የፈጠረው ኦትማር ጉትማን ይባላል። ጀርመናዊ ነው፤ የሚሠራው ግን እዚያው አጠገብሽ፣ ሩሲኮን በምትባል መንደር ነበር። ከዙሪክ ብዙም አትርቅም። የሙከራ ፊልሙን በ1986 ሠራ። በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በ1990 ነው፤ አንቺ ከመግባትሽ አንድ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። የሚያሳዝነው፣ ጉትማን በ1993 በ56 ዓመቱ ዐረፈ። ባልደረቦቹ እስከ 2000 ድረስ ሥራውን ቀጠሉ።

ስለ ጣት አሻራው ልንገርሽ፤ ይሄ ሥራ እኔንም አንዴ ለክፎኝ ነበር። አሻንጉሊቱን በጣትሽ ትንሽ ታንቀሳቅሻለሽ፣ ፎቶ ታነሻለሽ፣ ደግሞ ትንሽ ታንቀሳቅሻለሽ። አውሮፓ ቴሌቪዥን ላይ አንዷ ሰከንድ 25 ምስል ናት። የአምስት ደቂቃ ክፍል ሲሆን 7,500 ይመጣል። አንዱን አቋቋም ሁለት ጊዜ እያነሡ ሥራውን በግማሽ መቀነስ ይቻላል፤ እሱም ቢሆን ወገብ ይቆርጣል። እኔ አህያ ሠርቼ ቅዳሜን ሙሉ ስለፋ ዋልኩ። የወጣልኝ አራት ሰከንድ ነው። እሱም መጨረሻው ላይ የመብራቱ ሙቀት ጭቃውን አላልቶት የአህያዬ ጆሮ ወደቀ። ሚስቴ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ከ2003 ጀምሮ እንግሊዞች ሲሠሩት ደግሞ በቅርጽ ማውጫ የተሠራ ጠንካራ አሻንጉሊት ተጠቀሙ። እንደ ጭቃ ቶሎ አይጎድፍም። አሻራም አይቀበልም።

ሚላኖ ነኝ፦
የድምፁን ለእኔ ተዉት። ካርሎ ቦኖሚ ይባላል፤ የዚህችው የሚላኖ ሰው። ፒንጉም፣ አባትየውም፣ እናትየውም፣ ሕፃኗም አንድ እሱ ነበር። የሚያነበው የተጻፈ ንግግር አልነበረውም። ምስሉን እያየ ከአፉ የመጣለትን ያወርደዋል። የጣሊያን ቀልደኞች የድሮ ብልሃት ነው፤ ቃል የለውም፣ ዜማው ግን የሰው ንግግር ነው። ሲቆጣ ቁጣ፣ ሲለምን ልመና መሆኑን ትሰሚያለሽ። እኔ ሳዳምጠው አንዳንዴ አክስቴ ስልክ ስታወራ ይመስለኛል።

ቦኖሚ በ2022 ነሐሴ ላይ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ አረፈ። እንግሊዞቹ ከወሰዱት በኋላ ድምፁን ከሰጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ማርቼሎ ማኚ ነበር። እሱም በዚያው ዓመት፣ በወሩ አካባቢ ተከተለው።

የሚኒሶታው፦
እኛ አሜሪካ ያደግነው ደግሞ ጋምቢን ነው የምናውቀው። አረንጓዴ፣ ጠፍጣፋ የጭቃ ልጅ። አናቱ አንድ ጎኑ ሽቅብ የወጣው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ፈጣሪው አርት ክሎኪ ከአባቱ የድሮ ፎቶ ላይ ያልተኛችውን የጸጉር ቁንጮ አይቶ ነው። ከፒንጉ ከ30 ዓመት በላይ ይበልጣል፤ ታላቅ ይከበር!

ጭቃ አቡኪ፦
ወንድሜ፣ ጋምቢን እናከብራለን። ግን እንግሊዝኛ ይናገራል። የእህታችንን ጥያቄ አንብበሃል?

የዙሪክ እናት፦
ሩሲኮን! ስንት ዓመት ሙሉ እዚህ አፍንጫዬ ሥር! ያኔ ብሰማ ኖሮ ወንድሜን አስለቅሼ ካልወሰድኸኝ እለው ነበር።

እሱ አሁን አዲስ አበባ ነው። የጻፋችሁትን በሙሉ ላክሁለት። የሦስት ሰከንድ የድምፅ መልእክት መለሰልኝ። ምን እንዳለ ልነግራችሁ አያስፈልግም።