ነገ ፈተና አለብኝ፤ የላቲን ሥሮቹ ጉድ ሠሩኝ

ሥር ቆፋሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ አስቸኳይ ነው። ፈተናው ነገ ጠዋት ነው። ለእንግሊዝኛ ቃላቱ ብዬ 120 የላቲን ሥር ሸምድጃለሁ። አሁን ሙከራውን ስሠራ ከ20 ጥያቄ 9 ብቻ አገኘሁ! «ኢንፍላማብል» የሚል መጣ። «ኢን» አፍራሽ፣ «ፍላማ» ነበልባል፣ ስለዚህ «የማይቀጣጠል» አልኩ። መልሱ «በቀላሉ የሚቀጣጠል» ይላል። «ፔዲያትሪሽያን»ንም «ፔድ» እግር ነው ብዬ የእግር ሐኪም አደረግኩት፤ የሕፃናት ሐኪም ሆኖ ተገኘ። የተሳሳተው መልስ መስጫው ነው ወይስ ሥሮቹ? ዛሬ ማታ ምን ልሥራ?

ካርዱ፦ ፍላሽ ካርድ ሥራ ወንድሜ። ፊቱ ላይ ሥሩን፣ ጀርባው ላይ ትርጉሙን። ለእኔ ሠርቶልኛል።

ሥር ቆፋሪ፦ እህት ነኝ። ካርዱማ ሞልቷል፤ ያሳሳተኝም ካርዱ ላይ ያለው ነው።

ጋሽ ሰዋስው፦ ልጄ፣ ነገሩን ከመነሻው ካልያዝሽው ይምታታብሻል። ላቲን ወደ እንግሊዝኛ በአንድ በር አልገባም። እ.ኤ.አ. በ1066 ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ከላቲን የተወለደው ፈረንሳይኛ አብሯቸው ገባ፤ ቆይቶ ደግሞ ምሁራኑ ከላቲን መጻሕፍት በቀጥታ ይቀዱ ጀመር። ከአንድ ሥር «ፍሬይል»ም «ፍራጃይል»ም የተገኘው ለዚህ ነው፤ አንዱን ለደካማ ሰው፣ ሌላውን ለሚሰበር ዕቃ ይሉታል። በእኛም ቢሆን ጸሐፊ፣ ጽሕፈት፣ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ ሁሉም ከ«ጸሐፈ» ይወጣሉ። ግእዝ የቀመሰ ሰው ይህ አይከብደውም። ወደ ኖርማኖቹ ልመለስና...

ሰነፉ፦ ጋሼ፣ ይቅርታዎን፣ ኖርማኖቹ እስኪደርሱ ይነጋል።

እምቢ ባይ፦ እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ሥር መሸምደድና ቃል ማወቅ የተለያዩ ናቸው። «ካንዲዴት»፣ ዕጩ ማለት ነው፣ የወጣው «ካንዲዱስ» ከሚል ነው፣ የነጣ ማለት። በጥንቷ ሮም ሹመት የሚፈልግ ሰው ልብሱን በጠመኔ አንጥቶ ይወጣ ነበር። ይህን ከሥሩ ብቻ ማን ይገምታል? «ደብተራ» በግእዝ ድንኳን ነው። ደብተራው መጣ ቢሉሽ ካስማ ልትፈልጊ ነው?

ሥር ቆፋሪ፦ ታዲያ 120ውን ልጣላቸው?

ሰነፉ፦ «ማስል»፣ ጡንቻው፣ እኮ በላቲኑ ትንሽ አይጥ ማለት ነው። ክብደት የምታነሡ ሁሉ አይጥ እያደለባችሁ ነው።

ቅጥያ፦ አትጣያቸው። መልስ መስጫው ልክ ነው፤ ካርድሽ ግን ግማሹን ነው የነገረሽ። «ኢን» ሁለት ነው። አንዱ አፍራሽ ነው፣ ሌላው «ውስጥ» ወይም «ወደ ውስጥ» ማለት ነው። «ኢንፍላማብል» የሁለተኛው ነው፤ «ኢንፍላማሬ» በላቲን ማቀጣጠል ነው። አፍራሹን ብዙውን ጊዜ ቅጽል ላይ ታገኚዋለሽ፦ «ኢንቪዚብል»፣ «ኢንኮሬክት»። ግስ ላይ ከመጣ፣ እንደ «ኢንስፔክት» እና «ኢምፖርት»፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውስጥ የሚለው ነው። «ኢምፖሲብል»፣ «ኢሊጋል»፣ «ኢሬጉላር» ላይ ያለውም ያው አፍራሹ ነው፤ ቀጥሎት ያለውን ድምፅ እየመሰለ መልኩን ይቀይራል። «ፔድ»ም እንዲሁ ሁለት ነው። የላቲኑ እግር ነው፦ «ፔዳል»፣ «ፔደስትሪያን»። የሐኪሙ ግን ከግሪክ የመጣ ነው፣ ልጅ ማለት። በብሪታንያ አጻጻፍ ከ«ፒ» ቀጥሎ «ኤ» እና «ኢ» ተከታትለው ይጻፋሉ፤ እነሱን ካየሽ እግሩን እርሺው። ለመሆኑ ጥያቄው ባዶ ቃል ነበር ወይስ ዐረፍተ ነገር ነበረው?

ሥር ቆፋሪ፦ ነበረው። «ፈሳሹ እንዲህ ስለሆነ ከእሳት አርቁት» ዓይነት ነገር።

ቅጥያ፦ የማይቀጣጠል ከሆነ ከእሳት ምን ያርቀዋል?

ሥር ቆፋሪ፦ ዋይ! አላነበብኩትም እኮ። ሥሩን ሳይ ዘልዬ መለስኩ።

ቅጥያ፦ በቃ፣ ዛሬ ማታ አዲስ ሥር አትጨምሪ። አማርኛ ስናወራ አፋችን ውስጥ ካሉት ቃላት ጋር የሚገጥሙትን ብቻ ለዪ። «ፖርት» መሸከም፦ ትራንስፖርት፣ ኤክስፖርት። «ቪድ» ማየት፦ ቪዲዮ፣ ቪዛ። «ክሬድ» ማመን፦ ክሬዲት። እነዚህ አይጠፉብሽም። ነገ ደግሞ ቃሉን በእጅሽ ሸፍነሽ ዐረፍተ ነገሩን አንብቢና ገምቺ፤ ከዚያ እጅሽን አንሥተሽ ሥሩ ግምትሽን ይደግፍ እንደሆነ እዪ። ከተጣሉ ዐረፍተ ነገሩን እመኚ።

ሰነፉ፦ ፓስፖርትንም ጨምሪበት፣ ተሸክመነው ነው የምንዞረው።

እምቢ ባይ፦ እንዳትጨምሪ! የፓስፖርቱ «ፖርት» በፈረንሳይኛ ወደብ ነው፤ ወደብ ማለፊያ። አላልኩም?

ካርዱ፦ ይህንንም ካርድ ላይ ጻፊው።

ሥር ቆፋሪ፦ እሺ፣ ተባረኩ። ስልኬን ልዝጋ። ነገ ወጥቼ እነግራችኋለሁ።

ጀማሪው (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦ እኔም ዓርብ ተፈታኝ ነኝ፣ ያው ችግር ገጥሞኛል። ሥር ቆፋሪ፣ እንዴት ሆነልሽ?

ካርዱ፦ ፍላሽ ካርድ ሥራ ወንድሜ።