የሙዚየም ጉብኝት እንግሊዝኛ ለሚማር ሰው እንዴት ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን ዲሲ እንግሊዝኛ ከሚማሩ የልዩ ልዩ አገር ተማሪዎች ጋር በየሳምንቱ ዓርብ ሙዚየሞችንና ሐውልቶችን እንጎበኛለን። ነገር ግን አስጎብኚው ፈጥኖ ስለሚናገር አብዛኛው ያመልጠኛል፤ ከአገሬ ልጆች ጋር ስሆን ደግሞ ሳላስበው በአማርኛ ማውራት እጀምራለሁ። ከጉብኝቱ ቋንቋ ይዤ እንድመለስ ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ 1፦ ጤና ይስጥልኝ። ከመሄድዎ በፊት ይዘጋጁ። ለምሳሌ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው አብርሃም ሊንከን በ1863 እ.ኤ.አ. በጌቲስበርግ ከተማ ያደረገውና በዋሽንግተን በሚገኘው የሊንከን መታሰቢያ ግድግዳ ላይ የተቀረጸው ንግግር ከ300 ቃላት ያነሰ ስለሆነ፣ ማታ መዝገበ ቃላት እያገላበጡ ቢያጠኑትና በማግስቱ ከጽሑፉ ፊት ቆመው ድምፅዎን አውጥተው ቢያነቡት፣ ቃላቱ ከቦታው ጋር ተሳስረው በልብዎ ይቀራሉ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 እ.ኤ.አ. ቆሞ የተናገረበት ደረጃም እዚያው ሲሆን፣ ቦታው በድንጋዩ ላይ በጽሑፍ ተለይቷል፤ እኔ ባየሁት ቁጥር ልቤ ይነካል።

መልስ 2፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ንባብ ብቻውን አንደበት አይፈታም። እኔን የጠቀመኝ ከአንዲት ኮሪያዊት የክፍል ጓደኛዬ ጋር መጣመሬ ነው፤ ከእንግሊዝኛ በቀር የጋራ ቋንቋ ስላልነበረን፣ ያየነውን ሁሉ እየተሳሳትንም ቢሆን ለመግለጽ እንገደድ ነበር። በከተማዋ ያሉት የስሚዝሶኒያን (የአሜሪካ ብሔራዊ የሙዚየሞች ተቋም) ሙዚየሞች የመግቢያ ክፍያ ስለማይጠይቁ፣ ቅዳሜ ተመልሰው አንድ ክፍል ብቻ በዝግታ ይመልከቱ።

ጠያቂው፦ ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለመጪው ዓርብ ከአንድ ቬትናማዊ ተማሪ ጋር ለመጣመር ተስማምቻለሁ፤ ንግግሩንም ዛሬ ማታ ማጥናት እጀምራለሁ።