በምግብ ቧንቧ ላይ የወጣ ስሞል ሴል ካንሰር፦ የጨረሩ መጠን ለምን አይጨመርም?

ጥያቄ (አስታማሚ ልጅ)

ጤና ይስጥልኝ። አባታችን የ63 ዓመት ሰው ሲሆኑ፣ ጠጣር ምግብ አልወርድ ብሏቸው ለሦስት ወር ያህል ከተቸገሩ በኋላ ኢንዶስኮፒ ተደረገላቸው። ከምግብ ቧንቧቸው መካከለኛ ክፍል የተወሰደው ናሙና ስሞል ሴል ካርሲኖማ የተባለ፣ በዚህ ቦታ ላይ እምብዛም የማይገኝ የካንሰር ዓይነት መሆኑን አሳየ። በሲቲ ስካንና በፔት ስካን እንደታየው በቧንቧው አጠገብ ወዳሉ ሁለት የሊምፍ ዕጢዎች ከመድረሱ በቀር ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አልሄደም። ሐኪሞቻቸው ቀዶ ሕክምናን አልመረጡም፤ ሲስፕላቲንና ኢቶፖሳይድ በተባሉ መድኃኒቶች ኬሞ ጀምረውላቸዋል፤ ከሁለተኛው የኬሞ ዙር ጋር ደግሞ በ28 ቀን ተከፋፍሎ የሚሰጥ፣ በድምሩ 50.4 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) የሆነ የጨረር ሕክምና አዘውላቸዋል።

ያስጨነቀን የጨረሩ መጠን ነው። አንድ ዘመዳችን ከጥቂት ዓመታት በፊት በማንቁርቱ ላይ ለወጣ ካንሰር 70 ግሬይ ወስዶ ድኗል። «የእናንተ አባት በሽታ የባሰ ነው እየተባለ እንዴት ያነሰ ጨረር ይታዘዝላቸዋል? ተከራክራችሁ አስጨምሩ» ይለናል። ሐኪሙን ፊት ለፊት መጠየቁን ፈራን። በተጨማሪም ይህ ካንሰር ወደ አንጎል ስለሚሄድ ጭንቅላትም አስቀድሞ ጨረር ሊያገኝ ይገባል የሚል ነገር አንብበናል። እውነት ነው?

መልስ (የጨረር ሕክምና ሐኪም)

ይህን ጥያቄ ለሐኪማችሁ ማንሳት እንደ ድፍረት አይቆጠርም፤ እኛ በየሳምንቱ የምንጠየቀው ነው። ዘመዳችሁ የተናገረው ከቅንነት ቢሆንም፣ ማንቁርትና ደረት ውስጥ ያለው የምግብ ቧንቧ ጨረርን የሚችሉት እኩል አይደለም። የምግብ ቧንቧ ግድግዳው ስስ ነው፤ ከፊቱ የአየር ቧንቧና ልብ፣ ከኋላው ሕብለ ሰረሰርን የያዘው አከርካሪ፣ በግራና በቀኙ ደግሞ ሳንባ ተጠግተውታል። ዕጢው ግድግዳውን በልቶ ቦታውን ተክቶ ከሆነ፣ ዕጢው ሲሟሽሽ በምግብ ቧንቧውና በአየር ቧንቧው መካከል ቀዳዳ ሊከፈት ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን መጠኑን መጨመር ተሞክሮ አለመጥቀሙ ነው። በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 50.4 ግሬይን ከ64.8 ግሬይ ጋር፣ ሁለቱንም ከኬሞ ጋር አድርጎ አወዳድሮ፣ ከፍተኛውን መጠን የታዘዘላቸው ሕሙማን ዕድሜያቸው እንዳልረዘመ፣ በሽታውም በቦታው ላይ የተሻለ እንዳልተገታ አሳይቷል። ከሕክምናው ጋር የተያያዘው ሞት በከፍተኛው ወገን 11፣ በሌላው 2 ነበር፤ ከ11ዱ ሰባቱ ግን የሞቱት ከ50.4 ግሬይ ሳያልፉ ስለሆነ፣ ጥፋቱን ሁሉ በተጨመረው መጠን ላይ መጫን አይቻልም። በ2021 የታተመው የኔዘርላንድ ጥናትም 61.6 ግሬይን ከ50.4 ጋር አስተያይቶ ተመሳሳይ መደምደሚያ ላይ ደርሷል። ከሁለቱ በፊት የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ 64 ግሬይ ጨረር ብቻውን ከ50 ግሬይና ከኬሞ ጥምረት ጋር ሲወዳደር፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በጨረር ብቻ ከታከሙት አንድም ሰው በሕይወት እንዳልነበረ፣ በጥምረቱ ከታከሙት ግን 26 በመቶ እንደነበሩ አሳይቷል። አነስተኛውን ጨረር ከባዱን እንዲበልጥ ያደረገው አብሮት የተሰጠው ኬሞ ነው።

አንድ ነገር ግን መሸሸግ የለብኝም። እነዚህ ጥናቶች የተደረጉት በተለመዱት ዓይነቶች፣ ማለትም በስኳመስ ሴልና በአዴኖካርሲኖማ ላይ ነው። በምግብ ቧንቧ ላይ የሚወጣ ስሞል ሴል ከመቶ የምግብ ቧንቧ ካንሰሮች አንድ ሁለቱ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ የሚያወዳድር ትልቅ ጥናት ለማካሄድ የሚበቃ ሰው አይገኝም። ስለዚህ ግማሹን ከተለመዱት የምግብ ቧንቧ ካንሰሮች፣ ግማሹን ከሳንባው ስሞል ሴል እንዋሳለን። የሳንባው ስሞል ሴል ለኬሞና ለጨረር ቶሎ ይበገራል፤ በዚያው ልክ በደም ውስጥ ቶሎ ይሰራጫል። ኬሞው ቀድሞ የተጀመረው፣ ቀዶ ሕክምናውም የመጀመሪያ ምርጫ ያልሆነው ለዚህ ነው፤ ዕጢው ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ በስካን የማይታየው ዘር ቀድሞ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ከሳንባው የተማርነው ሌላም ቁም ነገር አለ። በ1999 የታተመ ጥናት ተመሳሳይ 45 ግሬይን ለአንዱ ወገን በቀን ሁለት ጊዜ በሦስት ሳምንት፣ ለሌላው በቀን አንድ ጊዜ በአምስት ሳምንት ሰጥቶ ነበር። አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት በመጀመሪያው ወገን 26 በመቶ፣ በሁለተኛው 16 በመቶ ሆኑ። መጠኑ አንድ ነው፤ ያተረፈው የቀኑ መጥበብ ነው። የምግብ ቧንቧ ብግነቱ ግን በሦስት ሳምንቱ ወገን ስለበረታ፣ ዕጢው ራሱ እዚያው ቧንቧ ላይ ሲሆን እኔ በቀን አንዱን እመርጣለሁ። ስለዚህ ከሐኪማችሁ ጋር መነጋገር ካለባችሁ ስለ ግሬይ ብዛት ሳይሆን 28ቱን ቀጠሮዎች ያለ ማቋረጥ እንዴት እንደምትጨርሱ ይሁን።

ስለ ጭንቅላቱ፣ በሳንባው ስሞል ሴል ሕክምናው ለተሳካላቸው ሕሙማን አብዛኛውን ጊዜ 25 ግሬይ በ10 ቀን ለመከላከያ ይሰጣል። የምግብ ቧንቧው ስሞል ሴል ወደ አንጎል የሚሄደው ከሳንባው ባነሰ ጊዜ ስለሆነ፣ ብዙዎቻችን በመደበኛነት አናዝዘውም፤ በኤምአርአይ እንከታተላለን። በመጨረሻም ናሙናው በሁለተኛ ፓቶሎጂስት ታይቶ፣ ሲናፕቶፊዚን፣ ክሮሞግራኒንና ሲዲ56 የተባሉት፣ ስሞል ሴልን ለመለየት የሚረዱ የናሙና ቀለሞች መሠራታቸውን ጠይቁ። የደረት ሲቲውም በሽታው ከሳንባ ተነሥቶ ወደ ቧንቧው የገባ አለመሆኑን ማረጋገጥ አለበት።

መልስ (እናቱን ያስታመመ)

የእናቴ የተለመደው ስኳመስ ሴል ስለነበረ ስለ በሽታው ዓይነት የምለው የለኝም። ስለ ቀጠሮ አለማቋረጥ የተባለው ግን እኛን ያስከፈለን ነገር ነው።

በዕቅዱ ቀን እጆቿን ከራሷ በላይ አድርጋ፣ በጀርባዋ ቅርጽ በተሠራ ፍራሽ ላይ ተኝታ ሲቲ ተነሣች፤ ደረቷና ጎኖቿ ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጡ ሦስት ጥቁር ነቁጦች በመርፌ ተነቀሱ። በየቀኑ ማሽኑ የሚሠራው ለጥቂት ደቂቃ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚወስደው እነዚያን ነቁጦች ከብርሃኑ መስመር ጋር ማስተካከሉ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም ሳይሰማት አለፉ፤ እንዲያውም ዕጢው ሲቀንስ ምግብ ይወርድላት ጀመር፤ «እንዲህ ቀላል ከሆነማ» ብለን ተዘናጋን። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ውኃ እንኳ ፍም እንደመዋጥ ሆነባት። አስቀድሞ የመመገቢያ ቱቦ እንዲገባላት ተመክሮ እኛ «ሰውን ያስፈራል» ብለን እምቢ ብለን ነበር። ክብደቷ በአሥር ቀን ውስጥ አምስት ኪሎ ወረደ፤ ፈሳሽ አጥሯት ተኛች፤ አራት ቀጠሮ አመለጠን። ስትመለስ ሰውነቷ ስለቀጠነ ነቁጦቹ ከቦታቸው ሸሽተው ሲቲው እንደገና ተነሣ፣ ዕቅዱም እንደ አዲስ ወጣ።

የረዳን ከመብላቷ ሩብ ሰዓት በፊት የሚዋጥ የማደንዘዣ ሽሮፕ፣ በሰዓቱ የሚሰጥ የሕመም ማስታገሻና በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ለስላሳ ምግብ ነው። ሕመሙ ከሁሉ የበረታው ደግሞ ጨረሩ ካለቀ በኋላ ባለው ሳምንት ነበር። ይህን ማንም ስላልነገረን ሕክምናው የከሸፈ መስሎን ተላቀስን፤ በሦስተኛው ሳምንት ቀለላት።

መልስ (የካንሰር ክፍል ነርስ)

ቱቦው ለሁሉም ሰው አያስፈልግም፤ ክብደታቸውን የጠበቁና ለስላሳ ምግብ በደንብ የሚወርድላቸው ያለ ቱቦ ይጨርሳሉ። ውሳኔው ግን በሦስተኛው ሳምንት በጭንቀት ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይወሰን። ወደፊት ቀዶ ሕክምና የማይቀር ከሆነ ቱቦው በጨጓራ ሳይሆን በትንሹ አንጀት በኩል እንዲገባ ይመረጣል፤ ቀዶ ሐኪሙ አዲሱን የምግብ መተላለፊያ የሚሠራው ከጨጓራው ነውና። ቧንቧውን የሚከፍት የብረት ስቴንት ለመፈወስ ከሚሰጥ ጨረር በፊት ባይገባ ይሻላል፤ ሊንሸራተት ወይም ግድግዳውን ሊበሳ ይችላል።

ሲስፕላቲን ኩላሊትን ስለሚጎዳ ፈሳሽ ማነሱ ለአባታችሁ እጥፍ አደጋ ነው፤ ሽንታቸው ከጠቆረና ከቀነሰ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዷቸው። ትኩሳታቸው 38 ዲግሪ ካለፈም እንዲሁ፣ ሌሊት ቢሆንም። መዋጥ በድንገት ከባሰባቸው አፋቸውን ተመልከቱ፤ ነጭ ነገር ከጋገረበት ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል በመድኃኒት ይታከማል። ሲጠጡ ወዲያው የሚያስላቸው ከሆነ ግን ከላይ የተጠቀሰው ቀዳዳ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገ ስለ ቱቦው እንጠይቃለን፤ የመጠኑን ነገር ለዘመዳችን እኔው አስረዳዋለሁ። ሕክምናው መሥራቱን የምናውቀው መቼ ነው?

መልስ (የጨረር ሕክምና ሐኪም)

ጨረሩ ካለቀ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ፣ በኢንዶስኮፒና በስካን። ፔት ስካን ከዚያ ቀደም ብሎ ከተነሣ ብግነቱም እንደ ካንሰር ስለሚያበራ ያሳስታል፤ ውጤቱን ለማየት ቸኩላችሁ አታስነሡ። ከአንድ እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ቢመጣ የሳንባ ብግነት ሊሆን ይችላል፤ በስቴሮይድ ስለሚታከም ጨረር መውሰዳቸውን ለሚያያቸው ሐኪም ሁሉ ንገሩ። ከወራት በኋላ ምግብ እንደገና ቢያንቃቸውም ካንሰሩ ተመለሰ ብላችሁ አትደምድሙ፤ ብዙ ጊዜ ጠባሳ ያጠበበው ቧንቧ ሆኖ ይገኛል፤ ናሙና ተወስዶ ንጹሕ ከሆነ በኢንዶስኮፒ ይሰፋላቸዋል። አንዳንዱ ሰው ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገምለታል።