ደብረ ብርሃን ላይ ለቤት የትኛው የውሃ ማጣሪያ ይሻላል? (ፈረቃ፣ ሮቶ፣ አነስተኛ ግፊት)

የጠባሴዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ጠባሴ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በ1,000 ሊትር ሮቶ እናጠራቅማለን፤ ሮቶው 3 ሜትር ከፍታ ባለው የብረት ማማ ላይ ተቀምጧል። ውሃው ክረምት ይደፈርሳል፣ በጋ ጥርት ያለ ነው፤ ማንቆርቆሪያው ላይ ግን ነጭ ነገር ይጋገራል። አምስት ሰው ነን፣ ሁለቱ ሕፃናት ናቸው።

አንድ ሻጭ ባለ አምስት ደረጃ አርኦ (ውሃውን በግፊት በረቂቅ ስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ካልገባ አይሆንም ይላል። ሁለት ዘንግ ያለው ዕቃ ውሃችን ውስጥ ከቶ ኤሌክትሪክ ሲለቅበት ቀይ ቡናማ ዝቃጭ ወጣ፤ እሱ ይዞት የመጣው ውሃ ግን ምንም አልሆነም። ሌላ ሻጭ ዩኤፍ (በቀጫጭን ባዶ ክሮች የሚያጣራ) ይበቃል ይላል። ባለ ሴራሚክ ባልዲም ገበያ ላይ አለ። የቱን ልምረጥ? እናትና አባቴ ደግሞ ሸዋሮቢት አጠገብ የጉድጓድ ውሃ ነው የሚጠጡት፤ ለእነሱም ያንኑ መግዛት ይቻላል?

ቱቦና መስመር፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ዘንጉ። ያ ትርኢት የውሃሽን ቆሻሻ አያሳይም። ከዘንጎቹ አንዱ ብረት ነው። ማዕድን ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ ብረቱ ራሱ ይሟሟና ዝገት ሆኖ ውሃውን ያቀላዋል። አርኦ ያለፈ ውሃ ማዕድን ስለሌለው ኤሌክትሪክ እምብዛም አያሳልፍም፣ ብረቱም አይሟሟም። ሻጩ ይዞት በመጣው ውሃ ላይ ቆንጠር አድርጎ ጨው ጨምሮበት እንዲደግመው ጠይቂው፤ ያም ይቀላል። ቲዲኤስ የሚለካው ትንሿ መሣሪያም እንዲሁ የሟሟ ማዕድን እንጂ ጀርም አታይም። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ውሃ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል፣ ከፍ ያለውም ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ትልቁ ጉዳይ ግፊቱ ነው። ውሃ 10 ሜትር ከፍታ ሲኖረው 1 ባር ግፊት ይሰጣል። የእናንተ ሮቶ ሙሉ ሆኖ እንኳ ወጥ ቤት የሚደርሰው 0.3 ባር ግድም ነው። የቤት አርኦ በደንብ የሚሠራው ከ3 እስከ 4 ባር ባለው ግፊት ስለሆነ ያለ ፓምፕ የምታገኙት ጠብታ ብቻ ነው። ፓምፕ ያለው ደግሞ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል።

በዚያ ላይ ቅዝቃዜው አለ። ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው የቀን ምርት፣ ለምሳሌ 75 ጋሎን ማለትም 280 ሊትር ገደማ፣ የሚለካው ውሃው 25 ዲግሪ ሆኖ ነው። ውሃው አንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ምርቱ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ 10 ዲግሪ ቢሆን የምታገኙት የተጻፈውን ግማሽ ያህል ነው። ተራ የቤት አርኦ 1 ሊትር ንጹሕ ለማውጣት 3 ሊትር ያህል ወደ ፍሳሽ ይለቃል፤ በቀን 20 ሊትር ብታወጡ በሳምንት 420 ሊትር ይፈሳል። ፈረቃ ውሃ እየጠበቀ ለሚኖር ቤት ይህ ከባድ ነው።

ማንቆርቆሪያው ላይ የሚጋገረው ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው፤ ለጤና ጠንቅ አይደለም። እኩል ውሃና አቸቶ አፍልተሽ ግማሽ ሰዓት ብታቆዪው ይለቃል። ለእሱ ብሎ አርኦ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። አርኦ የሚያስፈልገው ፍሎራይድ (ሲበዛ ጥርስን የሚጎዳ ማዕድን)፣ ናይትሬት ወይም ጨዋማነት በላብራቶሪ ሲረጋገጥ ነው።

ጠብታ፦

ከላይ ባለው እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ ውሃው ራሱ ነው።

ማታ በጠራ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ቅጂና ሳትነኪው አሳድሪው። ጠዋት ከታች ደለል ዘቅጦ ከላይ ከጠራ ችግሩ አፈር ነው፤ ተራ የደለል ማጣሪያ ይይዘዋል። አድሮም ከላይ እንደ ወተት ከደፈረሰ ደቃቅ ሸክላ አፈር ነው፤ ያ ሴራሚኩን በየጊዜው ይደፍናል፣ ክሎሪንም ይበላል፤ ለእሱ እንደ ቢሻን ጋሪ ያለ አዝቃጭና ክሎሪን አንድ ላይ የያዘ ዱቄት ይሻላል። ሲቀዳ ጥርት ያለ ሆኖ ሲያድር የሚቀላ ከሆነ ደግሞ የሟሟ ብረት ነው፤ ያ የጉድጓድ ውሃ ጠባይ ነው። ጀርም ግን በዓይን አይታይም። በላብራቶሪ ሲመረመር በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ ኮላይ (ሰገራ የነካው ውሃ ውስጥ የሚገኝ ጀርም) ዜሮ መሆን አለበት። ናሙናው ከሮቶው እንጂ ከመንገድ ቧንቧ ብቻ አይወሰድ፤ ብዙ ጊዜ የሚበከለው ሮቶው ውስጥ ነውና።

ማጣሪያ እስክትገዙ ድረስ አፍሉ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው የሚመከረው ይህ ነው። ሽቶ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና ካላችሁ ለጠራ 20 ሊትር ውሃ 0.8 ሚሊ፣ ለድፍርስ 1.6 ሚሊ በሲሪንጅ ለክታችሁ ጨምሩ። ዓይን አይቶ ማፍሰስ አይሆንም። ውሃ አጋር (ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ የሚሸጠው ክሎሪን) ከሆነ መጠኑ ይለያል፤ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ተከተሉ። 30 ደቂቃ ይቆይ የሚባለው ለብ ላለ ውሃ ነው፤ ክሎሪን በቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ እኛ አገር አንድ ሰዓት ጠብቁ። ፀሐይ ላይ የከረመ በረኪና ኃይሉን ያጣል፣ መጠኑ ትክክል ቢሆንም አይሠራም።

ለእንጀራና ለወጥ የሚሆነው እሳት ስለሚነካው ማጣራት አያስፈልገውም። ጥንቃቄው ለሚጠጣውና በሶ ለሚበጠበጥበት ውሃ ነው። በሶ ከጥሬ ውሃ ጋር በቀጥታ ወደ ሕፃን አፍ ስለሚገባ ብዙ ቤት የሚዘነጋው እሱን ነው። እንዲህ ከቆጠራችሁት ለአምስት ሰው በቀን 15 ሊትር ይበቃል፤ የምትገዙት ማጣሪያም ለ15 ሊትር እንጂ ለ200 አይሁን።

የድሮ ቧንቧ ሠሪ፦

ልጄ፣ ማጣሪያውን ሁለት ቦታ ክፈዪው፤ ደለሉን ከሮቶ በፊት፣ ጀርሙን ወጥ ቤት።

ከቆጣሪ ወደ ሮቶ የሚወጣው መስመር ግፊት አለውና የደለል ማጣሪያው እዚያ ይግባ። ባለ 10 ኢንች ወፍራሙን፣ ጃምቦ የሚሉትን፣ አፉ 1 ኢንች የሆነውን ግዙ፤ ቀጭኑ በአጭር ፈረቃ ሮቶ አይሞላም። ውስጡ የሚገባው ካርትሪጅ፣ ማለትም ማጣሪያው ራሱ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም 20 ማይክሮን፣ በጋ 5 ማይክሮን ይሁን (ቁጥሩ የቀዳዳው መጠን ነው፤ ሲያንስ ይረቅቃል)። 5 ማይክሮኑን ሐምሌ ላይ ብትከቱ ቶሎ ይደፈናል፤ ከዚያ ሰው ተሰላችቶ ካርትሪጁን አውጥቶ ባዶውን ይተወዋል። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ጌት ቫልቭ፣ ለጥገና ባይፓስ (ማጣሪያውን ዘሎ የሚያልፍ መስመር)፣ ከማጣሪያው በፊት ደግሞ ወደ ውጭ የሚያፈስ ቲ ከትንሽ ቧንቧ ጋር አድርጉ። ውሃ ከጠፋ በኋላ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው አየርና መስመር ውስጥ የተኛ ደለል ነው፤ በዚያች ቧንቧ እስኪጠራ አፍስሱና ከዚያ ወደ ማጣሪያው ክፈቱ። ካርትሪጁ ዕድሜው በዚህ ብቻ በብዙ ይረዝማል። የፈሰሰውም ለአትክልት ይሆናል።

ሲገጠም ቀስቱ የውሃውን አካሄድ ይከተል። ካርትሪጁ ከሚቀመጥበት ጎድጓዳ ሥር አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ይተው፣ አለዚያ አይፈታም። ኦሪንጉን ሲሊኮን ግሪስ ቀቡት፤ ቫዝሊን ጎማውን ያሳብጠዋል። በእጅ ጥበቁ፣ ቁልፉ ለመፍታት ነው። ጎድጓዳው የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ከሆነ ፀሐይ እንዳያየው ሸፍኑት፣ አረንጓዴ ያበቅላል።

ካርቦን (የከሰል ማጣሪያ) ከሮቶ በፊት አትግጠሙ። ይህን ስህተት በጣም ብዙ ቤት አያለሁ። ካርቦን ክሎሪኑን ይወስደዋል፤ ከዚያ ሮቶው ውስጥ ውሃውን የሚጠብቅለት ነገር የለም። ካርቦን የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ለጣዕምና ለሽታ ነው፤ ከተገጠመም አዲሱን ጥቁሩ እስኪጠራ 20 ሊትር ያህል አፍስሱበት፣ በአምራቹ ጊዜም ይቀየር፤ ያረጀ ካርቦን የጀርም መራቢያ ይሆናል።

ሮቶው በዓመት ሁለቴ ይታጠብ። ደለሉን ጠርጋችሁ ሙሉት፣ 1 ሊትር የ5 በመቶ በረኪና ጨምሩ፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ሽታው እስኪመጣ ከፍታችሁ ዝጉ፣ ለ12 ሰዓታት ይቆይ፤ ከዚያ ሁሉን አፍስሳችሁ አለቅልቁ። በዚያ ቀን ማንም እንዳይጠጣ ለልጆቹ ንገሩ።

ወጥ ቤት ለእናንተ የምመርጠው ባለ ሁለት ባልዲ ሴራሚክ ነው (ሴራሚኩ ላይኛው ባልዲ ውስጥ ይገጠማል፣ የተጣራው ወደ ታችኛው ይወርዳል)፤ ግፊትም መብራትም አይፈልግም። አንድ ሴራሚክ በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ስለሚያወርድ ሁለት ከተገጠመ ማታ የተሞላ ባልዲ ጠዋት ይደርሳል። ክዳን ያለው የምግብ ባልዲ ይሁን፤ የቀለም ባልዲ አይሆንም። ቀዳዳውን በሴራሚኩ እግር ልክ ብሱ፣ ጎማው በውስጥም በውጭም ይግባ፣ በእጅ ብቻ ይጠብቅ። ከታችኛው ባልዲ ቧንቧውን ከወለሉ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ፍሰቱ ሲያንስ ሴራሚኩን አውጥታችሁ በንጹሕ ውሃ በለስላሳ ብሩሽ እሹት፤ ሳሙና አይነካውም። ሴራሚክ ቫይረስን በሙሉ ስለማይይዝ ለሕፃናቱ ስትሉ ከታች በወረደው ውሃ ላይ ክሎሪኑን «ጠብታ» ከላይ በጻፈው መጠን ጨምሩ። ቅደም ተከተሉ ማጣራት፣ ከዚያ ክሎሪን ነው።

ዩኤፍም መጥፎ አይደለም፤ ቀዳዳው ወደ 0.01 ማይክሮን ስለሆነ ከሴራሚክ ይረቅቃል፣ በትንሽ ግፊትም ይሠራል። ግን በውርጭ አደጋ አለው። ውሃ የጠጣ ዩኤፍ አንድ ሌሊት በረዶ ከሠራ ክሮቹ ውስጥ ለውስጥ ይሰነጠቃሉ፤ ከውጭ ምንም አይታይም፣ ውሃው እንዲያውም በፍጥነት ይወርዳል፣ ሰውም ደስ ይለዋል። በረዶ የሠራበትን መጣል እንጂ ማድረቅ አያድነውም። ሴራሚክም ቢሆን በረዶ ይሰነጥቀዋል። ሁለቱም ውጭ በረንዳ ላይ አይደሩ።

ከቆላው፦

ለወላጆችሽ ያንኑ አትግዢ፣ መጀመሪያ ውሃቸው ይመርመር። ሸዋሮቢት ወደ ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ የወረደች ስለሆነች ከጀርም ሌላ ፍሎራይድ መለካት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። እዚያው ውሃ ላይ ያደጉ ልጆች ጥርስ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ቡናማ መስመር ካለ ሳትዘገዪ አስለኪ። ሴራሚክ፣ ዩኤፍ፣ ካርቦን፣ ክሎሪን፣ አንዳቸውም ፍሎራይድ አያወጡም። ማፍላት ደግሞ ውሃውን ስለሚያተን ፍሎራይዱን ያከርረዋል።

ከወሰኑ በላይ ከሆነ ርካሹ መፍትሔ ለመጠጥና ለወጥ ብቻ ሌላ ውሃ መፈለግ ነው። ቆርቆሮ ቤት ካላቸው የዝናብ ውሃ አለ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ግን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይፍሰስ፤ ለ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ 40 ሊትር። የቀረው ይጠለል፣ ክሎሪን ይጨመርበት። ሌላ ውሃ ከጠፋ ግን አርኦ ቦታው እዚህ ነው፤ ውሃው ሞቃት ስለሆነ ምርቱም እንደ ደብረ ብርሃን አይወርድም። መብራት ካለና ፓምፕ ከተገጠመ ይሠራል። የሚጣለው ውሃ ማዕድኑ የከረረ ስለሆነ ለልብስና ለወለል እንጂ ለከብት አይሰጥ።

ውሃቸው ሲያድር የሚቀላ ከሆነ ደግሞ ብረቱ ከአርኦ በፊት ይውጣ። ከባልዲ ወደ ባልዲ ከፍ አድርጎ እያፈሰሱ አየር ማስገባት፣ ማሳደር፣ ከዚያ በደለል ማጣሪያ ማሳለፍ። ይህ ካልተደረገ ሜምብሬኑ፣ ማለትም የአርኦው ስስ ሽፋን፣ ቶሎ ይደፈናል።

የጠባሴዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ ሆነልኝ። ጋሼ፣ ሴራሚኩ ተሰንጥቆ ከሆነ ሳልጠጣ በፊት በምን አውቃለሁ? ስለ ዩኤፉ እንዳሉት ከውጭ ካልታየ ይከብዳል። ገበያ ላይ ስመርጥስ ምን ልይ?

የድሮ ቧንቧ ሠሪ፦

ልጄ፣ አዲሱን ከመግጠምሽ በፊት ውሃ ውስጥ ሙሉ ሌሊት ንከሪው። ጠዋት ውሃው ውስጥ እንዳለ በእግሩ ቀዳዳ ንጹሕ ቀጭን ቱቦ አስገብተሽ በቀስታ ንፊ። ጤነኛው ሴራሚክ እርጥብ ሲሆን አየር አያሳልፍም። ከአንድ ቦታ አረፋ በተርታ ከወጣ ስንጥቅ ነው፤ ከእግሩ ዙሪያ ከወጣ ደግሞ ማጣበቂያው ለቋል። ሁለቱም ይመለሱ።

ከተገጠመ በኋላ ላይኛውን ባልዲ ሞልተሽ ሰዓት ያዢ። ሁለት ሴራሚክ በሰዓት ከ4 ሊትር በላይ ካወረደ ውሃው በጎማው ዙሪያ እያለፈ ነው፤ ፈትተሽ ጎማውን አስተካክዪ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባልዲዎች አትጠጡ። ገበያ ላይ ደግሞ መለዋወጫውን ለብቻው የማይሸጥልሽን ሻጭ እለፊው። ጎማና ሴራሚክ ይለቃል፣ ይሳሳል፤ ደብረ ብርሃን ባይገኝ መርካቶ መገኘቱን ሳትከፍዪ በፊት አረጋግጪ። ሁለት ትርፍ ጎማና አንድ ትርፍ ሴራሚክ አብረሽ ግዢ፤ ክረምት መሐል ሲሰበር ባዶ ባልዲ ይዛችሁ እንዳትቀሩ።