የሶል ፕሬስ ኦፕሬተር «ቁልፍ ተጫኝ» ነው?

ገላን ፈረቃ፦ ትናንት እዚህ የደመወዝ እርከን ሲነሳ አንዱ «የፕሬስ ኦፕሬተር ቁልፍ ተጫኝ ነው፣ በሁለት ሳምንት ይለመዳል» ብሎ ጽፎ አለፈ። ላይክም አገኘበት። ለማታውቁት፣ ፕሬሱ ጎማን በሞልድ (በቅርጽ ማውጫ ብረት) ውስጥ በሙቀትና በግፊት አብስሎ የጫማ ሶል የሚያወጣው ማሽን ነው። ለእኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። ከቃሊቲ እስከ ዱከም ጎማ ጫማ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ሰምቶ ዝም ሊል ነው?

ቁጥር 42፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ሙቀቱ 155 ተሞልቷል፣ ግፊቱም ተሞልቷል፣ 7 ደቂቃው ሲደርስ ማሽኑ ራሱ ይከፈታል። ሙያው ያለው ላብራቶሪና ሚክሲንግ (ጎማው ከኬሚካል ጋር የሚደባለቅበት ክፍል) ላይ ነው።

ሞልድ ቤት፦ 155 የሚለው ሰሌዳው ነው፣ ሞልዱ አይደለም። ከእንፋሎቱ መስመር ውሃውን የሚያስወጣው ስቲም ትራፕ ውሃ ከያዘ፣ ሞልዱን የሚያሞቀው ፕሌት አንድ ጥጉ በ10 ዲግሪ ይወርዳል። 10 ዲግሪ ሲቀንስ መብሰያው ጊዜ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ታይመሩ ግን በ7 ደቂቃው ይከፍተዋል። ቀድሞ የሚጎዳው ተረከዙ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ሙቀት መሃሉ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ላዩ ያበራል፣ በቢላ ስትሰነጥቀው ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። በጥፍር ስትጫነውም ምልክቱ ይቀራል። ይህን የሚይዘው ኦፕሬተሩ ነው።

ቁጥር 42፦ ስቲም ትራፕ የጥገና ሥራ ነው፣ ወንድሜ።

ገላን ፈረቃ፦ ጥገና የሚመጣው ሲጠራ ነው። የሚጠራው ማነው? ደግሞ ቁልፉ ከመጫኑ በፊት ያለውን ተመልከት። ሶሉ 300 ግራም ከሆነ ሞልዱ ውስጥ የሚገባው ጥሬ ጎማ ቁራጭ ከ3 እስከ 5 በመቶ በልጦ ይመዘናል። ካነሰ ጫፉ አይሞላም፤ ከበዛ ሞልዱ በደንብ አይገጥምም፣ ፍላሹም (ከሞልዱ ጠርዝ የሚወጣው ትርፍ ጎማ) ሶሉም ይወፍራል። ቁራጩ ሲደረደር ተረከዙ ጋ በዛ ይላል። ከተዘጋ በኋላ አየር እንዲወጣ ቶሎ ቶሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፈት ዘጋ ይደረጋል። ከዘገየ ጎማው መብሰል ስለጀመረ አየሩ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ይህ ሁሉ «ቁልፍ መጫን» ነው?

ኮንጎ ጫማ፦ እኛ ፒቪሲ ላይ የተበላሸውን ፈጭተን መልሰን እንከተዋለን።

ሞልድ ቤት፦ ልዩነቱ እሱ ነዋ! ፒቪሲ ደጋግሞ ይቀልጣል። ጎማ ከድኝ ጋር አንዴ ከበሰለ አይቀልጥም። ተፈጭቶ በትንሹ ማሟያ ሊሆን ይችላል እንጂ ብቻውን መልሶ ሶል አይወጣውም። ስህተቱ መመለሻ የለውም።

ኮንጎ ጫማ፦ የእኛንም አታቅልል። ፒቪሲ በማሽኑ ማቅለጫ በርሜል ውስጥ ከቆየ ይቃጠላል፣ አሲድ ጭስ ያወጣል፣ ሞልዱን ይበላዋል። ማሽኑ ከመቆሙ በፊት ፒቪሲውን ከበርሜሉ ማስወጣት የኦፕሬተሩ ኃላፊነት ነው።

ሚል ክፍል፦ ቁጥር 42፣ ሚክሲንግን ስላከበርክ አመሰግናለሁ፣ ግን እኛን ጠቅሰህ እነሱን አታሳንስ። ድኝና አክስለሬተር (መብሰሉን የሚያፋጥነው ኬሚካል) መጨረሻ ላይ፣ ጎማው ከ100 ዲግሪ በታች ሆኖ ነው የምንጨምረው። እንደዚያ ተጠንቅቀን የላክነው ኮምፓውንድ፣ ማለትም የተደባለቀው ጎማ፣ ትኩስ ፕሬስ አጠገብ ለሰዓታት ከተከመረ ሞልድ ሳይገባ መብሰል ይጀምራል። ቀድሞ የመጣውን ቀድሞ የሚወስድ ኦፕሬተር ከሌለ ድካማችን ከንቱ ነው።

አቃቂ፦ ሚል፣ ጎማው የሚደባለቅበት ማሽን፣ ከተነሳ አይቀር፣ ልጆቹ ጓንት ያድርጉ!

ሚል ክፍል፦ ሰፊ ጓንት? በፍጹም! የሚሉ ሁለት ሲሊንደሮች ወደ ውስጥ ነው የሚዞሩት፤ ጓንቱን ከያዙት እጅን ይዘው ይገባሉ። ፈረቃ ሲጀመር የማቆሚያው ዘንግ መሥራቱን አስፈትሽ።

ቁጥር 42፦ ከርዕሱ ወጣችሁ። ጥያቄው እርከን ነው። ታይመር ላለው ማሽን ከፍተኛ እርከን አይሰጥም።

ገላን ፈረቃ፦ እሺ፣ እርከን። ቁልፍ ተጫኝ ከሆነ ሶል ሲበላሽ ለምን ከእሱ ደመወዝ ይቆረጣል?

ቁጥር 42፦ ሕብረት ስምምነቱ ላይ ካለ ይቆረጣል። ሕጉ ይፈቅዳል።

ገላን ፈረቃ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ይፈቅዳል፣ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ ሳይበልጥ። የጠየቅኩት ግን እሱን አይደለም። ሲበላሽ ተጠያቂ፣ ሲከፈል ቁልፍ ተጫኝ የሚሆነው እንዴት ነው?

ቁጥር 42፦ የሥራ መመሪያ ካርዱን የተከተለ አይጠየቅም።

ሞልድ ቤት፦ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ፕሬስ አራተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሲጠፋበት ካርዱ ምን ይላል? ስንት ደቂቃ ይጨመር? የትኛው ጥንድ ተሰንጥቆ ይታይ?

ቁጥር 42፦ ለዚያም መመሪያ ይዘጋጃል።

ሞልድ ቤት፦ አዘጋጅና እዚህ ለጥፈው። እስከዚያ የሚወስነው ፕሬሱ ፊት የቆመው ሰው ነው፣ እርከኑም በዚያው ልክ ይሁን።

ቁጥር 42፦ እርከን በስሜት አይወጣም።