ሰንበቴው ከጠበል ጸዲቅ አልፎ አልጋ ላይ የዋሉትን እንዲጠይቅ ምን ይደረግ?

የሰበካ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰንበቴው 60 አባላት አሉት፤ ዝክሩ አይታጎልም፣ ጠላውም ዳቦውም በሰዓቱ ይቀርባል። እዚያው አጥቢያ ውስጥ ግን ጧሪ አጥተው አልጋ ላይ የዋሉ 12 አረጋውያን አሉ። በዐውደ ምሕረት ሦስት ጊዜ ተነግሮ የመጡት 4 ሰዎች ናቸው። ሰዉ ጨክኖ አይመስለኝም። የሚሰናከለው የት ላይ ነው?

ነርሷ፦
ማስታወቂያው ላይ ነው። «ምእመናን ተባበሩ» ሲባል ሁሉም ይሰማል፣ የተጠራ ግን የለም። በስም ጥሩ፦ «እትዬ እከሊት፣ አንቺና ጎረቤትሽ ቅዳሜ 9 ሰዓት እኚህን እናት ትጠይቃላችሁ» በሉ። 12 አረጋውያን በወር ሁለት ሁለት ጊዜ ቢጠየቁ 24 ጉብኝት ነው፤ ጥንድ ሆኖ ስለሚኬድ 48 ተራ። 24 ሰው ካለ ለእያንዳንዱ በወር ሁለት ቅዳሜ ይደርሰዋል። አሁን ያሏችሁ 4 ከሆኑ ሁለት ቤት ብቻ ያዙ። 12ቱን እናዳርስ ካላችሁ በሁለተኛው ወር የሚቀር ሰው የለም።

ሙዝና ጁስ ይዞ መሄድ ደግ ነው፤ ቀድሞ መታየት ያለበት ግን ዳሌው፣ ጀርባውና ተረከዙ ነው። ቆዳው ከሌላው ቦታ ከጠቆረ፣ ከሞቀ ወይም ከጠነከረ የአልጋ ቁስል እየጀመረ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ የሚመጣ ሰው ደግሞ ይህን አይችልም። ስለዚህ አብራቸው ለምትኖረው የልጅ ልጅ እንዴት እንደሚገላበጥ አሳይዋት። ቆዳው ከተላጠ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በዚያው ቀን ይነገር።

ቀሲስ፦
ጊዜ ምረጡ። የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ነው፤ 38 ዓመት የታመመው ሰው «ሰው የለኝም» ያለበት ወንጌል ይነበባል። ስብከቱ እንዳበቃ ደጁ ላይ መዝገብ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ይኑር፤ ሳምንት ካደረ ይበርዳል። በፋሲካ አትጀምሩ። በበዓል የሚያጎርስ አይታጣም፤ በሩን የሚያንኳኳ የሚጠፋው ክረምት ላይ ነው።

የየቤቱን ጓዳ የሚያውቁት የንስሐ አባቶች ናቸው። ዝርዝር አምጡ አትበሏቸው፤ አረጋውያኑን አስፈቅደው እነሱ ራሳቸው ያገናኙ። ጠበል ጀመርኩ ብሎ የግፊት ክኒን የሚያቋርጥም አለ። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ በይፋ ተናግረዋል። ይህን ካህን ያስረዳ፤ ከወጣት አፍ አይቀበሉትም።

የእድር ዳኛ፦
ገንዘብ ሲነሣ ነው የሚፈርሰው። ሰዉ በሕንፃ መዋጮ ተሰላችቷል፣ ደፍረን እንናገረው፤ ሌላ ሙዳየ ምጽዋት ሲያይ ኪሱን ይይዛል። 60 አባል በወር 50 ብር ቢያዋጣ 3,000 ብር ነው። በሰበካ ጉባኤው ደረሰኝ ይሰብሰብ፣ ለብቻው ሒሳብ ይከፈትለት፣ በሦስት ፊርማ ይውጣ። ጠያቂዎቹ ብር በእጃቸው አይንኩ። መጀመሪያ የሚገዛው ሳሙና፣ አንሶላና ለፍራሹ ላስቲክ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ይታይ። መክፈል የማይችሉትን መንግሥት ይሸፍናል፤ ግን ዝርዝሩ ሲዘጋጅ ስሙ ያልተያዘ ይቀራል፣ አልጋ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ስብሰባ አይሄድም። ስማቸውን የሚያስመዘግብ አንድ ሰው መድቡ። እድር ላይ ቀሪ ይቀጣል፤ ለጥየቃውም ቅጣት ይኑር ባይ ነኝ።

ነርሷ፦
ቅጣቱ ላይ አልስማማም። ቅጣት የፈራ በር ላይ ቆሞ «ደኅና ነዎት?» ብሎ ፈርሞ ይመለሳል። ለአራት ጥንድ አንድ ተጠባባቂ ጥንድ ይያዝ፤ የሚቀር ሰው እስከ ሐሙስ ያሳውቅ።

ከመስጂዱ ጀማዓ፦
ሰፈሩ የተቀላቀለ ከሆነ በእድሩ በኩል አብረን ልንሠራው እንችላለን። ዘካ፣ ማለትም ከሀብት በግዴታ የሚወጣው ሁለት ነጥብ አምስት በመቶ፣ የሚሰጠው ቁርአን ለለያቸው ስምንት ወገኖች ነው፤ በፈቃድ የሚሰጠው ሰደቃ ግን ለማንኛውም ጎረቤት ይሆናል፣ ከዚያ እናዋጣለን። አንድ ነገር፦ ሥጋ ነክ ነገር አታምጡ፣ የጾምም የሐላልም ጣጣ አለበት። ዱቄት፣ ምስርና ዘይት ይሁን።